ስለ ሌዘር ጠይቁኝ፦ ፓወር ሲጨመር ቢሙና ፖላራይዜሽኑ ለምን ይበላሻል?

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። ድሬ ነው ያለሁት፣ የክሪስታል ሌዘር እጠግናለሁ አስተካክላለሁ። ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ፣ ጠይቁ። ግማሹ ጥያቄ መልሱ ሙቀት ነው የሚሆነው፣ ካሁኑ ልንገራችሁ። ቢም ስል ጨረሩን ነው፣ ፖላራይዜሽን ስል ደግሞ የብርሃኑ ሞገድ የሚርገበገብበትን አቅጣጫ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ እኛ ጋ ያለው ኤንዲ ያግ (ኒዮዲሚየም ያለበት የያግ ክሪስታል ሌዘር) በትንሽ ፓወር ቢሙ ክብ ነው ቆንጆ ነው፣ ከረንቱን ከፍ ሳደርገው ግን ዳር ዳሩ ይበተናል፣ ፎከስም እንቢ ይላል። መስታወቱ ይሆን?

መልስ፦ አቦ መስታወቱን ገና አትንካው። ክሪስታሉ ራሱ ሌንስ ሆኖብህ ነው። ክሪስታሉን የሚያነቃውን ብርሃን (ፓምፕ የምንለው እሱን ነው) በ808 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አስገብተህ 1064 ስታወጣ 24 በመቶ የሚሆነው ጉልበት የግድ ሙቀት ሆኖ እዛው ይቀራል፣ ይሄ ፓምፑ ዳዮድ ሲሆን ነው፣ በላምፕ ከሆነማ ይብሳል። የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚያገኘው የሮዱን (የክሪስታሉን ዘንግ) ዳር ብቻ ስለሆነ መሃሉ ይግላል ዳሩ ይቀዘቅዛል፣ የጋለው መሃል ደግሞ ብርሃኑን ይበልጥ ያዘገየዋል፣ በቃ ሌንስ ተሰራ። ፓምፑን እጥፍ ካደረግከው የዚህ ሌንስ ፎካል ሌንግዝ በግማሽ ያጥራል፣ ሬዞናተሩ (ብርሃኑ የሚመላለስባቸው መስታወቶች) ደግሞ ለዛ አልተሰራም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተቃራኒ ሌንስ ባስገባበትስ?

መልስ፦ ይሰራል፣ ግን ለአንድ ፓወር ብቻ ነው። ስለዚህ የምትሰራበትን ፓወር መጀመሪያ ወስን፣ እሱ ላይ አሙቀውና ሲረጋጋ አስተካክል። በሌንስ የማይስተካከል ቀሪ ነገርም አለ፣ ፓምፑ እኩል ካልተሰራጨ ሙቀቱም ወጣ ገባ ይሆናል፣ ኤም ስኩዌር (ቢሙ ምን ያህል እንደተበላሸ የሚለካው ቁጥር) የሚያድገው በዛ ነው። እኔ ሁሌ የምለው መጀመሪያ ሙቀቱን ቀንስ፣ ማካካሻ ከዛ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐረማያ ተማሪ ነኝ። ያግ ኪዩቢክ ነው አይሶትሮፒክ ነው (ለብርሃን በሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው) ብለው አስተምረውናል፣ ታዲያ ፖላራይዜሽን እንዴት ያበላሻል?

መልስ፦ ጎበዝ እህቴ፣ ዋናዋን ጥያቄ ጠየቅሽ። ሳይሞቅ ልክ ነሽ። ሲሞቅ ግን መሃሉ ሊሰፋ ሲል ቀዝቃዛው ዳር ይይዘዋል፣ ክሪስታሉ ይወጠራል፣ ውጥረቱ ባይሪፍሪንጀንስ ይፈጥራል፣ ማለትም ብርሃኑ እንደ ፖላራይዜሽኑ በተለያየ ፍጥነት ይሄዳል። አክሲሱም በየነጥቡ ይለያያል፣ አንዱ ከመሃል ወደ ዳር፣ ሌላው ዙሪያውን ነው። ላብ ካገኘሽ ሮዱን በተሻገሩ ሁለት ፖላራይዘሮች (አንድ ፖላራይዜሽን ብቻ የሚያሳልፉ ማጣሪያዎች) መሃል አድርጊና ደካማ ብርሃን አሳልፊበት፣ በካሜራ እይው። ፓምፑ ሲጠፋ ጨለማ ነው። ፓምፑን ስትጨምሪ ጥቁር መስቀል ይወጣል፣ በመስቀሉ ክንፎች መሃል አራት ብሩህ ቅጠል ይታያል። መስቀሉ ያለበት ቦታ አክሲሱ ከፖላራይዜሽንሽ ጋር የገጠመ ስለሆነ ምንም አይነካውም፣ በ45 ዲግሪ ያለው ግን ይቀየራል። እነዛ አራት ቅጠሎች ናቸው የጠፋብሽ ፓወር፣ ሬዞናተር ውስጥ ፖላራይዘር ካለ ወደ ውጪ ይወረውራቸዋል፣ የቀረው ቢምም የመስቀል ቅርፅ ይይዛል። ለዚህ ነው ቢምና ፖላራይዜሽን ሁለት ችግር አይደሉም የምለው።

ጥያቄ፦ እሱንስ ማካካስ ይቻላል?

መልስ፦ አዎ፣ በጣም የምወደው ዘዴ አለ። ሁለት አንድ አይነት ሮድ ታደርጋለህ፣ መሃላቸው ፖላራይዜሽኑን 90 ዲግሪ የሚያዞር የኳርትዝ ሮቴተር ይገባል፣ በመጀመሪያው ሮድ የቀደመው ፖላራይዜሽን በሁለተኛው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ይጣጣላል። ሃፍ ዌቭ ፕሌት (ፖላራይዜሽን የሚቀይር ሌላ ስስ ክሪስታል) አይተካውም እሺ፣ እሱ አቅጣጫውን እንደ መስታወት ነው የሚገለብጠው እንጂ ሁሉንም ነጥብ እኩል 90 አያዞርም። ሁለቱ ሮዶች እኩል መሞቅ አለባቸው፣ የመጀመሪያው ምስልም በሌንሶች ሁለተኛው ላይ ነጥብ በነጥብ ማረፍ አለበት፣ ብዙ ሰው ይሄን ይዘላል። ሌላው መንገድ በአምፕሊፋየር (ብርሃን ማጉያ) 45 ዲግሪ ፋራዴይ ሮቴተር (በማግኔት ፖላራይዜሽኑን የሚያዞር) ከመስታወት ጋር አድርጎ በዛው ሮድ መመለስ ነው፣ ግን በትልቅ ፓወር ፋራዴዩ ራሱ ይግላል።

ጥያቄ፦ ክሪስታሉን ብንቀይርስ?

መልስ፦ ዋይኤልኤፍና ቫናዴት የሚባሉት የሌዘር ክሪስታሎች ከተፈጥሯቸው ባይሪፍሪንጀንት ናቸው፣ ሙቀቱ የሚያመጣው ትንሽ ስለሚሆን ይዋጣል፣ ፖላራይዜሽናቸው አይነቃነቅም። ዋይኤልኤፍ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ኢተርቢየም የተጨመረበት ያግ ደግሞ 940 አስገብተህ 1030 ስታወጣ ሙቀት የሚሆነው 9 በመቶ ገደማ ነው። እሱን በቀጭን ዲስክ አድርገህ በጀርባ ስታቀዘቅዘው ሙቀቱ በቢሙ አቅጣጫ ነው የሚወጣው፣ ሌንሱ በጣም ይቀንሳል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጀርመን ሽቱትጋርት የተሰራው ትልቅ ስራ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር ስንሰራ ደህና የነበረ ማሽን እዚህ ድሬ ሳቢያን ስናመጣው በግንቦት ፓወሩ ወረደ። ሙቀቱ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ቺለሩን (የውሃ ማቀዝቀዣውን) እዩት። የውጪው አየር ሲግል ቺለር አቅሙ ይወርዳል፣ የውሃው ሙቀት ከፍ ሲል የዳዮዱ ዌቭሌንግዝ በየዲግሪው 0.3 ናኖሜትር ገደማ ይሸሻል። 10 ዲግሪ ማለት 3 ናኖሜትር ነው፣ ያግ 808 ላይ የሚመጥበት መስመር ደግሞ ጠባብ ነው፣ እና ፓምፑ ሳይመጠጥ ያልፋል። ሰው ይሄን ሳያይ ከረንት ይጨምራል፣ ሙቀት ላይ ሙቀት። እና ስለ ውሃው፣ እባካችሁ የቧንቧ ውሃ አታስገቡ! የድሬን ማንቆርቆሪያ ውስጡን አይታችሁታል አይደል፣ ያ ነጭ ቅርፊት ሮዱ ላይ ሲጋገር ማቀዝቀዙ አንድ ጎን ይደክማል፣ ቢሙም ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል። የታሸገ ውሃም ማዕድን አለው። ዲአዮናይዝድ (ማዕድኑ የወጣለት) ውሃ ብቻ፣ ፊልተሩም በጊዜው ይቀየር። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ቺለሩን በጣም አታውርዱት፣ አየሩ እርጥብ ሲሆን ዳዮዱ ላይ ጤዛ ይይዛል።

ጥያቄ፦ እኔ ብረት ነው የምቆርጠው፣ ፖላራይዜሽን ምን ያገባኛል?

መልስ፦ ፖላራይዜሽኑ ላይንየር (በአንድ አቅጣጫ ብቻ) ከሆነ ቁርጡ እንደ አቅጣጫው ይለያያል፣ ስለዚህ ሰርኩላር (አቅጣጫው የሚዞር) ወይም ፖላራይዜሽን የሌለው ይሻልሃል። ወደ አረንጓዴው 532 ለሚቀይር ወይም ፖክልስ ሴል (ፖላራይዜሽኑን በኤሌክትሪክ የሚቀይር ክሪስታል) ላለው ሰው ግን የሞት ሽረት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ መነፅሩን ሳላደርግ አላይመንት (የጨረሩን መስመር ማስተካከል) ብሰራ በትንሽ ፓወር ምን ይላል?

መልስ፦ አባቴ እባክዎ እንዳያደርጉት። 1064 ለዓይን አይታይም ግን ሬቲና ድረስ ይገባል፣ ዓይን ጨፍኖ የሚያመልጥበት ብርሃን አይደለም። ለ532 የተሰራ መነፅር 1064ን ላይከለክል ይችላል፣ ጎኑ ላይ የተፃፈውን ቁጥር አንብበው ነው የሚያደርጉት።