ወርቁ ወሎን ለምን ዘለላት? ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ብረታ ብረት በመሬት ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚከማች ስላጠኑና ለዚያም ስለተሸለሙ የጂኦሎጂ ሰዎች ትንሽ ጽፌ ነበር። «ጥያቄ ያለው ይላክልኝ፣ ደሴ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ» አልኩ። አቦል ላይ የጀመርኩት ጉዳይ በረካ አለፈ፣ ጥያቄው ግን አላለቀም።

ከኮምቦልቻ፦ «ለድንጋይ ጥናት ደግሞ ሜዳሊያ? ወርቅ ያገኘ ሰው ወርቁ አይበቃውም?»

ላገኘውማ ይበቃዋል። ሜዳሊያው ለምን እዚያ እንደተገኘ ላስረዳው ነው። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ሳን ማኑኤል የሚባል የመዳብ ማዕድን አለ። ዴቪድ ሎዌል የተባለ ጂኦሎጂስት ሲያጠናው፣ በመዳቡ ዙሪያ ያለው ድንጋይ በሙቅ ውሃ ተቀቅሎ፣ እንደ ሽንኩርት በንብርብር ተለዋውጧል። ሽንኩርቱ ግን ግማሽ ነው። ግማሽ ሽንኩርት መክተፊያ ላይ ካየህ ሌላው የት ሄደ ትላለህ አይደል? እሱም ያንኑ ጠየቀ። መሬቱ ተሰንጥቆ ቀሪው ግማሽ ወዴት እንደተንሸራተተ አሰላና በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አስቆፈረ። ተገኘ! ካላማዙ ይሉታል። በ1970 ከጆን ጊልበርት ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ለመጣ መዳብ ፈላጊ ሁሉ መንገድ ጠቋሚ ሆኗል።

ከእነሱ በፊት ደግሞ ስዊድን የተወለደው ዋልደማር ሊንድግሬን ነበር። በሙቅ ውሃ የተፈጠሩ ክምችቶችን በጥልቀትና በሙቀት የመደባቸው እሱ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ማኅበር በ1933 የፔንሮዝ ሜዳሊያ ሸልሞታል። ፔንሮዝ ራሱ ከመዳብ የከበረ ጂኦሎጂስት ነበር፤ በ1931 ሲሞት ለማኅበሩ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ተናዘዘ። የመዳብ ገንዘብ ወደ ድንጋይ ተመለሰ በለው።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ «ወርቅ ድንጋዩ ውስጥ እንዴት ይገባል?»

በተራ ድንጋይ ውስጥም ወርቅ አለ፤ ግን በአንድ ቶን ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነው። ቆፍሮ ለማትረፍ ከዚያ እጅግ የበዛ መሆን አለበት። እንግዲህ አንድ ነገር ከሰፊ ቦታ ለቅሞ አንድ ቦታ ሊያራግፈው ይገባል። ለቃሚው ብዙ ጊዜ ሙቅ ውሃ ነው።

ወርቅ በንጹሕ ውሃ እንዲህ በቀላሉ አይሟሟም። ውሃው ውስጥ ድኝ ሲኖር ግን ይያያዘውና አብሮት ይጓዛል። አሁን አምቦ ውሃ ስትከፍቱ የሚሆነውን አስቡ። ክዳኑ ሲላቀቅ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጋዙ «ፍስስ» ብሎ ይወጣል። ከጥልቀት የመጣው ሙቅ ውሃም ወደ ላይ ሲቀርብ ግፊቱ ይቀንስና ይፈላል። ድኙ በጋዝ መልክ ያመልጣል። ወርቁ ተሸካሚ አጣ ማለት ነው። እዚያው ስንጥቁ ውስጥ ኳርትዝ ከሚባል ነጭ ድንጋይ ጋር ይቀራል። ወርቅ ፈላጊ ነጭ መስመር ሲያይ ልቡ የሚደልቀው ለዚህ ነው። (ብዙው መስመር ባዶ ነው፣ እኔም ስንቴ ደልቆብኛል።)

ከሐይቅ፣ ተማሪ፦ «ማንም እዚያ ገብቶ አላየም። በምን ታወቀ?»

ጎበዝ! ለረጅም ጊዜ ከድንጋዩ እየተነበበ ነው የታወቀው። በ1979 ግን ሲሠራ ታየ። አልቪን የምትባል ትንሽ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ሜክሲኮ አጠገብ ከፓስፊክ ወለል ወረደች። ጭስ ማውጫ የመሰሉ የድንጋይ ቱቦዎች ጥቁር ውሃ ይተፋሉ። ሙቀቱን ለመለካት ያስገቡት መሣሪያ ፕላስቲኩ ቀለጠ! ውሃው ከ350 ዲግሪ በላይ ነበር። ጥቁሩ «ጭስ» የብረት፣ የመዳብና የዚንክ ብናኝ ነው፤ ቀዝቃዛውን ባሕር ሲነካ ይረግፋል። ከእኛም ሩቅ አይደለም፤ ቀይ ባሕር ወለል ላይ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ውስጥ፣ ብረታ ብረት ያዘለ ሙቅ ጨዋማ ውሃ ተኝቷል።

ከወልድያ፦ «ጉጂ ወርቅ፣ ቤኒሻንጉል ወርቅ። እኛስ ምን በደልን?»

ምንም። ጋቢ ስለተደረበባችሁ ነው። የጉጂና የቤኒሻንጉል ወርቅ ያለው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠረ አሮጌ ድንጋይ ውስጥ ነው። ወሎ ላይ ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ እየደጋገመ ፈሰሰ። የጦሳ ተራራን ገደል ተመልከቱ፣ ያ ጥቁር ድንጋይ ነው። አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከሥሩ አሮጌው ድንጋይ አለ፤ ወርቅ ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ጋቢውን ማን ይገልጠዋል?

ከደላንታ፦ «ጋሼ፣ ኦፓሌን ውሃ ውስጥ ብከተው ቀለሙ ጠፋ። ከሰርኩ?»

አብሽሪ፣ እህቴ። አልከሰርሽም። የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። እኔም አንዷን በሻይ ብርጭቆ ነክሬ ነበር። ማታ ላይ እንደ በረዶ ጠርታ፣ ብርጭቆው ውስጥ መኖሯ እንኳ አይለይም። አውጥቼ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኳት። ከቀናት በኋላ መጀመሪያ ጠርዟ ላይ አረንጓዴ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ቀዩ መጣ። እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ግን አታድርጊው፤ በችኮላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ኦፓል ብረት አይደለም፤ ታሪኩ ግን ያው የውሃ ታሪክ ነው። ውሃ በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ እያለፈ ሲሊካውን (አሸዋም መስተዋትም በብዛት የሚሠራበትን ነገር) አሟሟና ክፍተት ውስጥ አስቀመጠው። ሲሊካው ዓይን የማያያቸው ድቡልቡሎች ሆኖ ሲደረደር ብርሃኑን ይከፋፍላል፤ ቀለሙ ከዚያ ነው። ይህም የሆነው ገደሉ ላይ ባለች አንዲት ስስ ንብርብር ውስጥ ነው፣ ውፍረቷ ከሜትር ያንሳል። ከእሷ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ መቆፈር ጉልበት መጨረስ ነው። ለወንድሞችሽ ንገሪያቸው፤ ደግሞ እንጨት ሳይደግፉ ዋሻ አይግቡ።

ከመርሳ፦ «ለጂኦሎጂ ኖቤል አለ?»

የለም። የለንደኑ ጂኦሎጂ ማኅበር ግን ከ1831 ጀምሮ የዎላስተን ሜዳሊያን ይሰጣል። ዎላስተን ፓላዲየም የሚባለውን ውድ ብረት ያገኘው ሰው ነው፤ ዛሬ ሜዳሊያው ከዚያው ከፓላዲየም ይሠራል።

ከባቲ፦ «ጓሮዬ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ድንጋይ አግኝቻለሁ። ለማንም ሳልናገር ምን ላድርግ?»

አሁን ለስንቱ ተናገርክ! በመዶሻ ምታው። ከተፈረካከሰ ፓይራይት ነው፣ የሞኝ ወርቅ። ጠፍጠፍ ካለ ሌላ ነገር ነው። ወይም የተሰበረ ሴራሚክ ጀርባው ላይ አስምርበት፤ ጥቁር መስመር ከተወ ፓይራይት፣ ቢጫ ከተወ ግን በሩን ዝጋና ለእኔ ብቻ ደውል።