መንገዱን ላክልኝ ላለ ሰው ምን ይላካል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አዘዞ ነው የምኖረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሳይክል ራቅ አድርጌ እወጣለሁ። እስከ ጎርጎራ ያለውን መንገድ ስልኬ ላይ ሰራሁና የመንገድ መረጃ በሚይዘው በጂፒኤክስ ፋይል ለጓደኛዬ በቴሌግራም ላኩለት፣ እሱ ሲከፍተው ግን እኔ ረግጬው የማላውቅ መንገድ ነው የወጣለት፣ እሱም አምኖ ተከተለውና ደምቢያ ላይ ሽምብራ ማሳ ውስጥ ገባ፣ ጎማው ዋልካ ጠቅጥቆበት አልዞር ብሎት ሳይክሉን ተሸክሞ ወጣ። አሁን «ሆን ብለህ ነው» ይለኛል። እውነት ጥፋቱ የኔ ነው?

መልስ፦ ወንድማለም ሆን ብለህ እንዳልሆነ እኛ እንመሰክርልሃለን፣ ግን የላክኸው ነገር ትክክል አልነበረም። ጂፒኤክስ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ ብዙ የካርታ አፖች ሊያነቡት የሚችሉት ፋይል ነው፣ ችግሩ ውስጡ የሚቀመጠው ነገር አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑ ነው። አንዱ ሩት ይባላል፣ እሱ ማለት አዘዞ፣ ቆላድባ፣ ጎርጎራ ብለህ ጥቂት ነጥብ ታስቀምጣለህ፣ በመሀል ያለውን የሚሞላው የተቀባዩ አፕ በራሱ ካርታ ነው፣ አቋራጭ መስሎት የእግር መንገድ ከመረጠ በቃ ሽምብራ ውስጥ ነህ። ሌላው ትራክ ነው፣ ይሄ አንተ በርግጥ የነዳህበት መንገድ ዱካ ነው፣ በየሰከንዱ ከቀዳ በ4 ሰዓት ውስጥ 14,400 ነጥብ ይሆናል፣ ስለዚህ አፑ የሚገምተው ነገር የለም መስመሩን ብቻ ይከተላል። ለሰው የሚላከው ትራክ ነው፣ ያውም ራስህ የሄድክበት፣ ቤት ቁጭ ብለህ በጣትህ ያሰመርከው አይደለም።

ስትልከው ደሞ እንደ ፋይል ላከው፣ ስክሪንሾት ልኮ «ይኸው መንገዱ» የሚል ሰው አለ እሱን ተወው። ተቀባዩ ነካ ሲያደርገው የቁጥርና የላቲን ፊደል ትርምስ ከወጣበት ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፣ እንደ ጽሁፍ ስለከፈተው ነው፣ ሼር ብሎ ኦስምአንድ ወይ ኦርጋኒክ ማፕስ በሚባሉት የካርታ አፖች ይክፈተው። ካርታውን ግን ቤት ዋይፋይ እያለ ቀድሞ ያውርድ፣ ጂፒኤስ ራሱ ከሳተላይት መቀበል ብቻ ስለሆነ ዳታ አይፈልግም፣ ኔትወርክ በሌለበትም ይሰራል። (ፋይሉ ውስጥ ያለውን ሰዓት አይታችሁ አትደናገጡ፣ በግሪንዊች ነው የሚጽፈው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው 03:00 ብሎ ነው የሚያገኘው።)

እኔ ብሆን ግን ከፋይሉ ጋር ሁለት ሶስት መስመር ጽፌ እልክ ነበር፣ በየትኛው ወር እንደነዳኸው፣ ውሃ የት እንደሚገኝ፣ አስፋልቱ የት አልቆ ኮረኮንች እንደሚጀምር፣ ውሻ የሚያባርርበት ሰፈር የቱ እንደሆነ። ፋይሉ ይሄን አያውቅም። መንገዱ ዛሬ ሰላም መሆኑንማ ጨርሶ አያውቅም፣ እሱን ጠዋት መናኸሪያ ሄደህ ሹፌሮቹን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ስሜ ይቆይ። ሳይክል የምንነዳ ልጆች ግሩፕ አለን፣ የጎንደር ደባርቅን ትራኬን እዛ ለቀቅኩት፣ አንድ የማላውቀው ልጅ በውስጥ መስመር «ቤትሽ ከኛ ሩቅ አይደለም ለካ» አለኝ። ጉዞዬን በምቀዳበት አፕ በስትራቫ ላይ ቤቴን ደብቄው ነበር እኮ፣ እንዴት አወቀ?

መልስ፦ እታለም ደብቀሽው የነበረው አፑ ላይ ለሚያዩሽ ሰዎች ነው፣ ፋይሉን አንቺ ራስሽ አውርደሽ ስትልኪው ግን ከበርሽ ጀምሮ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፣ ከስንት ሰዓት እንደምትወጪ ጭምር። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ስትራቫ ባወጣው የዓለም ካርታ ላይ የወታደሮች የሩጫ ዱካ ሚስጥራዊ ካምፕ ሁሉ አጋልጦ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ጉድ ተብሎ ነበር። መፍትሄው ከመላክሽ በፊት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ቆርጠሽ መጣል ነው፣ ከወለቃ ቢጀምር ማንም አይጎዳም፣ እስከዛ ያለውን መንገድ የጎንደር ሰው ያውቀዋል። ሰዓቱንም አጥፊው። ካልሆነልሽ ደሞ ቀረጻውን ከቤት ሳይሆን ከፒያሳ ጀምሪ። የተለቀቀውን አሁኑኑ ከግሩፑ ሰርዢው፣ ያወረደው ሰው ጋ ግን ይቀራል፣ ልጁን ብሎክ አድርጊው፣ ለታላቅ ወንድም ወይ ለእህትም ንገሪ።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ አብረን ደባርቅ ደርሰን የሱ ስልክ ከኔ 500 ሜትር የሚበልጥ ዳገት ወጣህ አለው። ማንን እንመን?

መልስ፦ ማንንም አትመኑ። ደባርቅ ከጎንደር ወደ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ግን መንገዱ እየወረደ ስለሚወጣ ድምሩ ከዛ በደንብ ይበልጣል፣ ይሄ እውነት ነው። ስልክ ደሞ ከፍታ ላይ ደካማ ነው፣ ቁጭ ባላችሁበት እንኳ ጥቂት ሜትር ከፍ ዝቅ ይልና ያንን ሁሉ ዳገት ብሎ ይደምረዋል፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቡና ስትጠጡ የሱ ስልክ እየወጣ ነበር ማለት ነው። ሁለቱንም ትራክ አንድ አፕ ላይ ጭናችሁ ከፍታውን ከካርታው ላይ እንዲያስላው አድርጉ፣ ቁጥሩ ይቀራረባል። ጓደኛህ ግን እንደማይቀበል ከወዲሁ እወቅ።