የጓሮዎቹን ክፍሎች ላከራይ ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ደብረ ብርሃን ያለውን ቤትሽን የባንክ ዕዳ ለማቅለል የጓሮውን ሁለት ክፍሎች ላከራይ ወይ ብለሻል። አከራዪ እልሻለሁ። እኛም አንድ ክፍል አከራይተን የወሩን ክፍያ በከፊል ይሸፍንልን ነበር።

ጭቅጭቁ የሚመጣው ከመብራት ነው። የከተማችንን ብርድ ታውቂዋለሽ፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ኅዳር ሲገባ ተከራይ ማሞቂያ ይሰካል፣ ምጣዱም አለ፣ ሂሳቡ ይንራል። አንድ ቆጣሪ ስለነበረን በየወሩ ስንነታረክ ከረምን። ለክፍሉ ብቻ የሚቆጥር ሌላ ቆጣሪ ስናስገጥም ነው ሰላም ያገኘነው። አንቺ ከመጀመሪያው አስገጥሚ። የሽንት ቤቱንና የውጭ በር መዝጊያ ሰዓቱን ነገርም አስቀድመሽ ተነጋገሪ።

ውሉን በቃል እንዳታደርጊው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራበት ከተማ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ሁለት ዓመት በአንድ ግቢ ረጅም ነው። ስለዚህ ብር ከሚጨምርልሽ ይልቅ ጎረቤት የሚመሰክርለትን ሰው አስገቢ። የኪራይ ገቢ ግብሩንም ከአሁኑ ሂሳብ ውስጥ አስገቢው፤ እኛ ዘግይተን ነው ያሰብነው።