ቦይለሩን ከመጣልሽ በፊት ክፈቺው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐረር ነው ያለሽው። 50 ሊትር ቦይለር ከገዛሽ ሦስት ዓመት አልሞላም። መጀመሪያ መንጫጫት ጀመረ። ከዚያ ውሃው ለብ ከማለት አላልፍ አለ። አሁን ደግሞ ብሬከር ይጥላል። ልጅሽም ሻወር ስትወስድ ቧንቧውን ነክታ «ነዘረኝ» አለችሽ። የመጣው ቧንቧ ሠራተኛ ሳይከፍተው «ይሄ አብቅቶለታል፣ አዲስ ግዙ» ብሎሽ ሄደ። ላስጠግነው ወይስ ልቀይረው ነው ያልሽው።

ከሁሉ በፊት ብሬከሩን አጥፊውና እንደጠፋ ይቆይ። መልሰሽ እያነሳሽ አትሞክሪው። ስለ ገንዘብ ከማውራታችን በፊት ነፍስ ይቀድማል። ቦይለር ነዘረ ማለት ብዙ ጊዜ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ቱቦ፣ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪኩ ውሃውን እየነካ ነው። ወይም የሆነ ቦታ የተላጠ ሽቦ ታንከሩን ነክቷል። ኧርዙ፣ ማለትም ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ በትክክል ታስሮ ቢሆን ደግሞ ልጅሽን ባልነዘራት ነበር። ስለዚህ ያለብሽ ችግር ሁለት ነው። ወደ ኧርዙ እመለስበታለሁ።

እኔ ይሄን ነገር ከፍዬ ነው የተማርኩት። ሐረር 11 ዓመት ኖሬያለሁ። የመጀመሪያው ቦይለሬ በሁለት ዓመቱ ልክ እንዳንቺው መንጫጫት ጀመረ። ባለሙያ ጠራሁ። ሳይከፍተው ጣለው አለኝ፤ ጣልኩት። ሁለተኛውን ገዛሁ። እሱም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያንኑ ድምፅ አመጣ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። ድምፁን ከግድግዳው ማዶ ሰምተው መጡ። «እስቲ መጀመሪያ ሆዱን እንየው» አሉኝ።

ከታች ያለውን ክዳን ፈቱት። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አወጡ። ሬዚስታንሱን ሲስቡት ግን አልወጣ አለ። ከጣት የሚቀጥነው ቱቦ ነጭ ድንጋይ ለብሶ የእጅ አንጓ አክሏል። በገባበት ቀዳዳ መውጣት አልቻለም። በካቻቪቴ ጫፍ ቀስ እያሉ ፈነቀሉት። ቅርፊቱ እየተሰነጠቀ ባልዲው ውስጥ ረገፈ። ከዚያ እጃቸውን በቀዳዳው ሰደዱ። በእፍኝ በእፍኝ እያወጡ ግማሽ ባልዲ ሞሉ። ገሚሱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ነው፣ ገሚሱ እንደ አሸዋ። ባትሪ አብርተን ውስጡን አየነው። ታንከሩ ራሱ ምንም አልሆነም። ያኔ የጣልኩት የመጀመሪያው ቦይለር ትዝ ብሎኝ አንጀቴ አረረ። በአንድ ሬዚስታንስና በአንድ ጓርኒሲዮን (ክዳኑ እንዳያፈስ በሚገባው ጎማ) ሊድን የሚችል ዕቃ ለቆራሌው ሰጥቼዋለሁ። ይሄ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት አገለገለኝ።

የሐረር ውሃ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ከየት እንደሚመጣ ስታውቂ ይገባሻል። ከተማው ድሮ የሚጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች በፓምፕ ሽቅብ ይመጣ ጀመር። የድሬዳዋ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ አገር ነው። ሲሚንቶ የሚመረተውም ለዚህ ነው። ዝናቡ በድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ሲወርድ ካልሲየሙን አሟሙቶ ይይዛል። ውሃው ቀዝቃዛ እያለ አይታይም። ሲሞቅ ግን የሟሟው ይፈርስና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ ድንጋዩ ይቀራል። የሚጋገረውም በጣም በሚግለው ቦታ፣ ማለትም ሬዚስታንሱ ላይ ነው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የምታይው ነጭ ነገር ያው እሱ ነው። የእንቁላል ቅርፊትም ከዚሁ ከካልሲየም ካርቦኔት ነው የተሠራው። ቁራጩን አንሺና አቼቶ ጠብ አድርጊበት። አረፋ አውጥቶ ከፈላ እሱው ነው።

መጠኑን ለመገመት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በሊትር ከ180 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም ካርቦኔት ያለው ውሃ በጣም ጠጣር ይባላል። ያንቺ 300 ነው እንበል። በቀን 100 ሊትር ብታሞቂ 30 ግራም ነው። በዓመት ወደ 11 ኪሎ ይሆናል። አብዛኛው ከውሃው ጋር ይወጣል። ከአሥር አንዱ ቢቀር እንኳ ግን በዓመት ከ1 ኪሎ በላይ ድንጋይ ሆዱ ውስጥ ተጠራቀመ ማለት ነው። አዲስ አበባ የለገዳዲ ወይም የገፈርሳ ውሃ የሚደርሰው ሰው «የእኔ ቦይለር አሥር ዓመት ሆነው፣ ነክቼው አላውቅም» ቢልሽ እውነቱን ነው። የእሱ የግድብ ውሃ ነው። የእሱ ምክር ላንቺ አይሠራም።

አሁን ምልክቶቹን እንያቸው። የሚንጫጫው ውሃ በድንጋዩ ሥር ታፍኖ ስለሚፈላ ነው። ለብ ብሎ የሚቀርበት ምክንያት ግን ብዙ ሰው ያሳስተዋል። ሬዚስታንሱ ደከመ ይሉሻል። ሬዚስታንስ ወይ ይሠራል ወይ ይቃጠላል፤ እንደ ባትሪ እየደከመ አይሄድም። የሚሆነው ሌላ ነው። ሙቀቱን ለክቶ የሚያበራና የሚያጠፋው የቴርሞስታቱ ዘንግ የሚገባው ከሬዚስታንሱ ጎን ነው። ሁለቱ አብረው ድንጋይ ሲለብሱ ሙቀቱ እዚያው ይታፈናል። ቴርሞስታቱ ውሃው የሞቀ ይመስለውና ቀድሞ ያጠፋል። በዚያ ላይ ድንጋዩ ቦታ ይይዛል፤ 50 ሊትር የነበረው 50 መሆኑ ይቀራል። ጤነኛ ባለ 1500 ዋት ቦይለር 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ብሬከሩ የሚወድቀው ደግሞ በመጨረሻ ነው። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ሬዚስታንሱ ከልክ በላይ ይግላል፣ ቱቦው ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባበታል።

ስለዚህ የመጠገንና የመቀየር ጉዳይ በአንድ ነገር ይወሰናል። ታንከሩ ራሱ ያፈሳል ወይስ አያፈስም? ከታች ክዳኑ ዙሪያ የሚንጠባጠብ ከሆነ ጓርኒሲዮን ነው፤ ቀላል ነው። ውሃው ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር፣ ከፎሙ ውስጥ እየወጣ ከሆነ ግን የውስጡ ብረት በስቷል። ያ አይጠገንም። ልበይደው የሚል ሰው ቢመጣ እሺ አትበይው። ውስጡ የተቀባው እንደ ሸክላ ያለ ኢናሜል ስለሆነ ብየዳው ዙሪያውን ያረግፈዋል፣ ከዚያ በአጠገቡ ይበሳል። ሙቅ ውሃው በየቀኑ የዝገት ቀለም ካመጣም ያው ነው። አንቺ የጻፍሽው ውስጥ ግን ማፍሰስ የሚባል ነገር የለም። የእኔ ግምት ታንከሩ ደህና ነው።

ስታስከፍቺው አጠገቡ ቁሚ። ብሬከሩ ከጠፋ በኋላም ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ አለመቅረቱ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለካ። የቀዝቃዛው መግቢያ ይዘጋ፣ የሙቁ ቧንቧ ይከፈት፣ ከሥር ጎማ ታስሮ ውሃው ይውረድ። ሲሞቅ ቆይቶ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቁ። ሽቦዎቹ ከመፈታታቸው በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺያቸው። ይሄን ያልኩሽ ሦስት ቀን ሽቦ ሲያምታታኝ ስለከረመ ነው።

ሬዚስታንሱ ሲወጣ በቴስተር ይለካ። ባለ 1500 ዋት ከሆነ ሁለቱ እግሮቹ መካከል 32 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል። ቀጥሎ ከአንዱ እግርና ከራሱ ቆርቆሮ ጋር ይለካ። እዚህ ላይ ማንኛውም ቁጥር ከወጣ ተሰንጥቋል፣ የነዘራችሁም እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሬዚስታንስ ድንጋዩን አራግፎ መመለስ ወንጀል ነው። ይቀየር። አሮጌውን ይዘሽ ሂጂና አስተያይተሽ ግዢ፤ የክዳኑ ስፋትና የቡሎኑ ቁጥር ይለያያል።

ታንከሩን በእጅና በእንጨት ጥረጉት። ብረት አታስገቡበት፣ ኢናሜሉን ይጭረዋል። ለቀረው ድንጋይ አቼቶ በሞቀ ውሃ በጥብጠሽ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆዪበትና አለቅልቂው። አንዳንድ ሰው የሽንት ቤት አሲድ ይጨምራል። ድንጋዩን ቶሎ ይበላል፣ እውነት ነው፤ ብረቱንም ይበላል። አሲድም ሆነ አቼቶ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ እንዳይገናኝ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው።

እግረ መንገድሽን አንድ ነገር ፈልጊ። ክዳኑ ላይ ከሬዚስታንሱ ጎን የታሰረ ጣት የሚያህል ዘንግ አለ። አኖድ ይባላል። ማግኒዚየም ነው። ሥራው ከታንከሩ ቀድሞ መበላት ነው። እሱ እያለ ዝገቱ እሱን ይበላል፣ እሱ ሲያልቅ ወደ ታንከሩ ይዞራል። የእኔን ጎረቤቴ ሲያወጡት ቀጭን ሽቦ ብቻ ቀርቶ ነበር። ካልቀየርከው በዓመት ውስጥ ታንከሩ ይበሳል ብለው ተቆጡኝ። ይሄን ዘንግ የሚያነሳ ባለሙያ በጣም ጥቂት ነው፤ ያናድደኛል። ከግማሽ በላይ ካለቀ ቀይሪው።

ሴፍቲ ቫልቩንም እዩት። ቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ እጄታ ያላት ነች። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። 50 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ይጨምራል። ያ ትርፍ መውጫ ከሌለው በዚያች ቫልቭ ይወጣል። ስለዚህ በማሞቂያው ሰዓት ብትንጠባጠብ ጤነኛ ናት። በቴፍሎን ወይም በታፓ የደፈነ ሰው አይቻለሁ። እባክሽ እንዳታደርጊው። ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ቢጣበቅ ያ ቦይለር ቦምብ ነው። ድንጋይ እሷንም ያጣብቃታል፣ በወር አንዴ እጄታዋን አንሺና ውሃ ሲወጣ እይው። ካልወጣ ቀይሪያት፣ ዋጋዋ ትንሽ ነው።

ኧርዙ ላይ አደራ። ከቦይለሩ የወጣው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ እስከ ቆጣሪሽ ድረስ መሄዱንና መሬት መግባቱን ኤሌክትሪሺያን ያረጋግጥልሽ። ብዙ ቤት ውስጥ ሽቦው ሶኬት ጋ ቀርቶ ታገኚዋለሽ። ከቻልሽ የኤሌክትሪክ መፍሰስን አውቆ የሚያጠፋውን፣ ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር ለመታጠቢያ ቤቱ አስገጥሚ። ከዚህ ሁሉ ወጪ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው እሱን ነው።

ታንከሩ በስቶ ከተገኘና አዲስ መግዛት ግድ ከሆነ፣ ሱቁ ውስጥ ከታች ክዳኑን እንዲከፍቱልሽ ጠይቂ። እጅ የሚያስገባ ሰፊ ቀዳዳ ያለውን ምረጪ። ሬዚስታንሱ በራሱ ሽፋን ውስጥ የተቀመጠ፣ ውሃ የማይነካው ዓይነት ካገኘሽ ትንሽ ብትጨምሪም ያዋጣል። ገጹ ሰፊ ስለሆነ ያን ያህል አይግልም፣ ሲቃጠልም ውሃ ሳታፈሺ ይቀየራል። ሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመውን ፈጣን ማሞቂያ ለሐረር አልመክርም። ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል። 5500 ዋቱ ደግሞ 25 አምፔር ይስባል፤ የቤትሽ ሽቦ አይችለው ይሆናል።

አዲስም ሆነ የተጠገነ፣ ቴርሞስታቱን እስከ መጨረሻው አታዙሪው። 55 ወይም 60 ዲግሪ ላይ ይቁም። ከዚያ በላይ በጨመርሽ ቁጥር ድንጋዩ ይፈጥናል። ከ50 በታችም አታውርጂው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጀርም ይራባል። የመጀመሪያውን ጊዜ በስድስት ወሩ አስከፍቺው። ትንሽ ካገኘሽ በዓመት አንዴ ይበቃል፤ ብዙ ካገኘሽ በስድስት ወር ቀጥዪ።

ውሃ በፈረቃ ስለሆነም አንድ ልማድ ያዢ። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ ድፍርሱ በሌላ ቧንቧ ይውጣ። ከዚያ የሙቁን ቧንቧ ክፈቺ። ሳይቆራረጥ ሲፈስ ካየሽ በኋላ ብሬከሩን አንሺ። አንዳንድ ቤት ውሃ ሲጠፋ ቦይለሩ ወደ ኋላ ይጎድላል፣ ባዶውን የበራ ሬዚስታንስ ደግሞ በደቂቃዎች ይቃጠላል። ከጥገናው በኋላም እንዲሁ አድርጊ፤ ከሞቀ በኋላ ክዳኑ ዙሪያ ደረቅ ሶፍት አስነክተሽ እርጥበት አለመኖሩን እይ።

ሲከፈት የሬዚስታንሱንና የዘንጉን ፎቶ፣ ቴስተሩ ያሳየሽን ሁለቱን ቁጥር ጻፊልኝ። አይቼ የትኛው መቀየር እንዳለበት እነግርሻለሁ። እስከዚያ ለልጅሽ ውሃ በድስት አሙቂላት።