የመጀመሪያውን ቺፕ ማን ይጭነዋል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አምስት ኤቲሜጋ 8 (ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም በአንድ ቺፕ ውስጥ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ገዝተሃል፤ ቺፕ ላይ ፕሮግራም የሚጭነው መሣሪያ፣ ፕሮግራመር፣ የለህም። ዩኤስቢኤኤስፒ የሚባለውን በዩኤስቢ የሚሰካ ፕሮግራመር ሰርኪዩቱን አይተህ ራስህ ሠራኸው። ላፕቶፕህ ላይ ስትሰካው ግን «የዩኤስቢ መሣሪያው አልታወቀም» ይልሃል። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት አልክ፤ ቀጥለህ ደግሞ ልተወውና ዝግጁውን ልግዛ ወይ ብለህ ጠየቅክ።

ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ አጭር ነው። ዝግጁውን ካገኘኸው ግዛው፤ ነውር የለውም። የጀመርከውን ግን እንዳትጥለው። እኔ የመጀመሪያዬን ስሠራ አራት ቅዳሜ በልቶብኛል። ስለ ፊውዝ፣ ማለትም ቺፑ እንዴት እንደሚሠራ ስለሚወስኑት ቅንብሮች፣ እና ስለ ዩኤስቢ ከማውቀው ግማሹን ያገኘሁት በእነዚያ አራት ቅዳሜዎች ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አንድ ነገር ግን አጣሁበት። ቺፑ ውስጥ ፈርምዌር (ቺፑን ፕሮግራመር የሚያደርገውን ፕሮግራም) ጭነሃል? ወይስ ከሱቅ እንደመጣ ባዶውን ነው ቦርዱ ላይ የሰካኸው? አትሳቅ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይወድቃል። ፕሮግራመሩ ራሱ ማይክሮኮንትሮለር ነው። እሱም መጀመሪያ መጫን አለበት። ለመጫን ደግሞ ፕሮግራመር ያስፈልጋል። የእንቁላልና የዶሮ ጣጣ ነው።

ባዶ ቺፕ ስትሰካ የሚመጣው መልእክት ደግሞ ልክ አንተ ያየኸው ነው። ምክንያቱን ልንገርህ። ሰርኪዩቱ ላይ ዲ− ከሚባለው የዩኤስቢ ዳታ መስመር ወደ 5 ቮልት የሚሄድ 2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለ። ኮምፒውተሩ «አንድ ነገር ተሰካ» ብሎ የሚያውቀው በዚህ ሬዚስተር ነው፤ ቺፑ ኖረም አልኖረም ግድ የለውም። ከዚያ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ቺፑ ዝም ካለ «አልታወቀም» ይላል። ስለዚህ መልእክቱ መጥፎ ዜና ብቻ አይደለም። ሬዚስተርህ ከዳታ መስመር ጋር ተገናኝቷል፣ ኬብልህም ዳታ ያስተላልፋል ማለት ነው። ምንም ድምፅ፣ ምንም መልእክት ባይመጣ ኖሮ ነበር ኬብሉን የምጠረጥረው። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ቆርጦ ሁለት ቀን የተሰቃየ ጓደኛ አለኝ።

የመጀመሪያውን ቺፕ ለመጫን የሰው አርዱዊኖ ኡኖ (ዝግጁ የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ) ለአንድ ከሰዓት ተዋስ። ከአርዱዊኖው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር ከሚመጡት ምሳሌዎች መካከል «አርዱዊኖ አይኤስፒ» የሚል አለ፤ እሱን ጫንበት። ከጫንክ በኋላ አርዱዊኖው ላይ በሪሴትና በግራውንድ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሰካ፣ ፖዘቲቩ ወደ ሪሴት። እሱ ከሌለ ኮምፒውተሩ ባነጋገረው ቁጥር ራሱን ሪሴት እያደረገ ያስቸግርሃል። ካፓሲተሩን ቀድመህ ከሰካኸው ደግሞ ምሳሌውን መጫን እምቢ ይልሃል።

ሽቦው እንዲህ ነው። የአርዱዊኖው 10 ወደ ኤቲሜጋ 8 እግር 1፣ 11 ወደ 17፣ 12 ወደ 18፣ 13 ወደ 19። አምስት ቮልት ለእግር 7 እና ለ20፣ ግራውንድ ለ8 እና ለ22። ሁለቱንም ስጥ፤ «አንዱ ይበቃል» አትበል። ሌላው ነገር፣ ሲሪያል የለመደ ሰው መስመሮቹን ማመሳቀል ይቀናዋል። እዚህ ማመሳቀል የለም። ሚሶ (ቺፑ የሚልክበት፣ 12 ወደ 18) ከሚሶ፣ ሞሲ (ቺፑ የሚቀበልበት፣ 11 ወደ 17) ከሞሲ።

ከዚያ ኤቪአርዱድን (ከኮምፒውተሩ ሆኖ ቺፑን የሚያነብና የሚጽፍ ፕሮግራም) ክፈትና ምንም ሳትጽፍ ሲግኒቸሩን፣ የቺፑን መለያ ቁጥር፣ ብቻ አንብብ። ፕሮግራመሩን «ኤስቲኬ 500 ቪ 1» በለው፣ ፍጥነቱን 19200። ኤቲሜጋ 8 «1ኢ 93 07» ብሎ ይመልስልሃል። ይህን ቁጥር ሦስት ጊዜ አንብበህ ሦስቴም አንድ ዓይነት ካልመጣ ወደሚቀጥለው እንዳትሄድ። ሁሉም ዜሮ ወይም ሁሉም ኤፍኤፍ ከመጣ ሽቦ ነው። አንዴ ትክክል አንዴ ሌላ ከመጣ የብሬድቦርዱ (ሳይበየድ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) ቀዳዳ ላልቷል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግርህ ነገር አለ፤ ፊውዝ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ሲግኒቸር፣ ቀጥሎ ፈርምዌር፣ ከዚያ ፊውዝ። ፈርምዌሩን ስትጽፍ መብራት ቢሄድ ኬብል ቢነቀል ምንም አይደለም፣ እንደገና ትጽፈዋለህ። ፊውዝ ላይ መሳሳት ግን ቺፑን ዲዳ ያደርገዋል።

የእኔን ልንገርህ። ለኤቲሜጋ 8 የሚያስፈልገው ፊውዝ ሃይ ሲ9፣ ሎው ኢኤፍ ነው፤ እያንዳንዱ ስምንት ቢት ነው፣ በሄክሳዴሲማል የተጻፈ። ያኔ እኔ ቁጥሩን ከሰው መውሰድ ደበረኝና ከዳታሺቱ (ከአምራቹ የቺፑ ሰነድ) በእጄ ላሰላው አልኩ። ደብተር አወጣሁ፣ ስምንት ሳጥን ሣልኩ፣ የምፈልገውን ሁሉ 1 አደረግኩ። ችግሩ ኤቪአር (ኤቲሜጋ 8 ያለበት የቺፕ ቤተሰብ) ላይ ነገሩ የተገለበጠ መሆኑ ነው። 0 ማለት «በርቷል»፣ 1 ማለት «ጠፍቷል»። እኔ ኢኤፍን ገልብጬ 10 አገኘሁ። ቸኩዬ ሎውን ጻፍኩ። ቺፑ ዝም አለ። ሲግኒቸር የለ፣ ምን የለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ።

ምን እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው። የመጨረሻዎቹ አራት ቢቶች 0000 ሲሆኑ ቺፑ «ክሎክ (ሥራዬን የሚመራው ምት) ከውጭ ይመጣልኛል» ብሎ ይጠብቃል። ከቺፑ ጋር ምት የሚፈጥረው ክሪስታልም አይበቃውም፤ ራሱን የቻለ ምት ነው የሚፈልገው። ሁለተኛ አርዱዊኖ ተዋስኩ። ከአንዱ እግሩ 1 ሜጋኸርዝ እንዲያወጣ አደረግኩና ኤቲሜጋው እግር 9 ላይ አገናኘሁት፤ ግራውንዳቸውንም አንድ ላይ። ሲግኒቸር አነበብኩ። 1ኢ 93 07። እልል ነው ያልኩት፣ እናቴ ምን ሆነ ብላ መጣች።

ዕድለኛ ነበርኩ። ሃይ ፊውዙንም በዚያው ስሌት ገልብጬ 36 ብዬ አዘጋጅቼ ነበር። እሱን ጽፌው ቢሆን ሪሴት እግሩ ይዘጋ ነበር። ያኔ የሚያድነው 12 ቮልት የሚሰጥ ልዩ ፕሮግራመር ብቻ ነው። አምስት ቺፕ ብቻ ላለው ሰው እንዲህ ያለ ቁማር አይመከርም። ስለዚህ ሲ9 እና ኢኤፍን እንዳለ ጻፍ፣ ከመጻፍህ በፊት ደግሞ ያለውን አንብብ። አዲስ ቺፕ ዲ9 እና ኢ1 ይላል። ካለው ጋር ስታነጻጽረው ሃይ ፊውዙ ላይ የሚቀየረው አንድ ቢት ብቻ ነው። አንድ ቢት ብቻ መቀየሩን ማየት እጅን ያረጋጋል።

ለምንድነው ፊውዙ እንዲህ አስፈላጊ የሆነው ካልክ፣ ኤቲሜጋ 8 ውስጥ የዩኤስቢ ክፍል የለም። ዩኤስቢኤኤስፒን የሠራው ጀርመናዊው ቶማስ ፊሽል የተጠቀመው ቪ-ዩኤስቢ የሚባለውን የኦስትሪያው ኦብጀክቲቭ ዴቨሎፕመንት ኮድ ነው። ያ ኮድ የዩኤስቢውን ምልክት በሶፍትዌር ብቻ፣ ቢት በቢት እየቆጠረ ያነባል። ሎው ስፒድ ዩኤስቢ በሰከንድ 1.5 ሚሊዮን ቢት ነው። ቺፑ በ12 ሜጋኸርዝ ሲሄድ ለእያንዳንዱ ቢት የሚደርሰው 8 ክሎክ ብቻ ነው። ፊውዙን ካልቀየርክ ቺፑ በውስጡ ባለው 1 ሜጋኸርዝ ይሄዳል፤ ያኔ ለአንድ ቢት አንድ ሙሉ ክሎክ እንኳን አይደርሰውም። ኮምፒውተሩ ቢጮህ ቢጮህ አይሰማውም። ክሪስታሉም 12 መሆን አለበት። ዝግጁ የተኮመፓየለው ፈርምዌር የተሠራው ለ12 ነው። ቤት ያገኘኸው 16 ነው ብለህ እሱን ብትሰካ አይሠራም።

ፈርምዌሩ፣ ፊውዙና ክሪስታሉ ልክ ሆነው አሁንም «አልታወቀም» ካለህ ዘነሮቹን (ቮልቴጅ የሚገድቡትን ዳዮዶች) ተመልከት። የእኔ ሦስተኛ ቅዳሜ የሄደው በነሱ ነው። ሁለቱ የዳታ መስመሮች ላይ 3.6 ቮልት ዘነር ይቀመጣል፤ ቺፑ በ5 ቮልት ስለሚሠራ ዩኤስቢው ደግሞ 3.3 አካባቢ ስለሚፈልግ ነው። መርካቶ ሄጄ 3.6 ዘነር ስል ሰውዬው ሳጥን ገለበጠልኝ። ወፈር ያሉትን መረጥኩ፣ ጠንካራ ይሻላል ብዬ። አንድ ዋት ናቸው። በመልቲሜትር ስለካቸው ቮልቴጁ ልክ ነው፤ ስሰካው ግን አይሠራም። ትልቅ ዘነር በውስጡ ያለው ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ብዙ ነው፤ ምልክቱን ያደነዝዘዋል። ቀጫጭኖቹን፣ ግማሽ ዋት ወይም ከዚያ በታች የሆኑትን ስቀይር ወዲያው ታወቀ። ጽሑፉ የጠፋ ዘነር ካለህ በ9 ቮልት ባትሪና በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በግልባጩ አገናኝተህ ለካው፣ ወደ 3.6 መምጣት አለበት።

ሌላ የሚረሳ ነገር፦ ሁለተኛው የዳታ መስመር፣ ዲ+፣ ወደ ሁለት እግር ነው የሚሄደው። ወደ 15 እና ወደ 4። እግር 4 ኢንተረፕቱ ነው፣ ቺፑን «ተነስ፣ ተጠርተሃል» የሚለው እሱ ነው። ሰርኪዩቱ ላይ መስመሩ ትንሽ ስለሆነ ዓይን ያመልጣል። ዲ− ደግሞ ወደ 14።

ሁለቱ ተገላብጠውብህ እንደሆነ የሚያሳይ ቀላል ዘዴ አለ። ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር ፈልግ። ሰካውና የከርነሉን (የሊኑክሱን እምብርት) መልእክት ተመልከት። «አዲስ ሎው ስፒድ መሣሪያ» ካለ መስመሮቹ ቦታቸው ላይ ናቸው። «ፉል ስፒድ» ካለ ዲ+ እና ዲ− ተገላብጠዋል፤ ሬዚስተሩ የተሳሳተው መስመር ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ቀለም አትመን። አረንጓዴ ዲ+፣ ነጭ ዲ− ነው መሆን ያለበት፣ ርካሽ ኬብል ግን እንደፈለገው ነው። በመልቲሜትር ከሶኬቱ ጫፍ ለካ። በነገራችን ላይ ላፕቶፕህ ላይ ከመሰካትህ በፊት በቀይና በጥቁሩ መካከል ሾርት አለመኖሩን ቼክ አድርግ። እኔ እስካሁን አዲስ የሠራሁትን ሁሉ የምሞክረው በአንድ ያረጀ ዴስክቶፕ ነው።

ከታወቀልህ በኋላ ዊንዶውስ ከሆነ ድራይቨር ይጠይቃል፤ ዛዲግ በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ሊብዩኤስቢ የሚባለውን ድራይቨር ስጠው፣ ያልቃል። ሊኑክስ ላይ ድራይቨር አያስፈልግም፣ ፈቃድ ብቻ ነው።

የቀሩትን አራት ቺፖች ስትጭን ደግሞ «ታርጌቱ (የምትጭነው ቺፕ) አይመልስም» የሚል ስህተት ሊመጣብህ ይችላል። አትደንግጥ። አዲስ ቺፕ በ1 ሜጋኸርዝ ነው የሚሄደው፤ የምትልክለት የኤስፒአይ ክሎክ (ፕሮግራመሩ ዳታ የሚልክበት ምት) ከዚያ ሩብ በታች መሆን አለበት። ዩኤስቢኤኤስፒ በራሱ 375 ኪሎኸርዝ ነው የሚልከው፣ ይበዛበታል። ሰርኪዩቱ ላይ ሦስተኛው ጃምፐር (ሁለት እግር የሚያገናኝ ትንሽ መሰኪያ) ለዚህ ነው የተሠራው። ዝጋው፣ ወደ 8 ኪሎኸርዝ ይወርዳል። ይንቀራፈፋል፣ ሻይ አፍልተህ ትመጣለህ፣ ግን ይጽፋል። የ2011ን ፈርምዌር ከጫንክ ፍጥነቱን ከኤቪአርዱድ ላይም መቀነስ ትችላለህ።

ዝግጁውን ለመግዛት ከወሰንክ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። ብዙዎቹ ላይ 5 እና 3.3 የሚል ጃምፐር አለ። እኔ የገዛሁት ላይ 3.3 ላይ ሳደርገው የሚቀየረው የኃይል መስመሩ ብቻ ነበር፤ የዳታ እግሮቹ 5 ቮልት ማውጣታቸውን ቀጥለዋል። ስሙን ባልጠራው ሻጭ ቃል አምኜ አንድ 3.3 ቮልት ሴንሰር አቃጥያለሁ። አሁን ሌላ ነገር ከመሰካቴ በፊት እለካለሁ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ መጀመሪያ ባዶ ቺፕ መሆን አለመሆኑን ንገረን። ተጭኗል ካልክ ደግሞ ያነበብከውን ሲግኒቸር፣ ሁለቱን ፊውዞችና የሊኑክሱን መልእክት እንዳለ ለጥፍ። የቦርዱን የታችኛውን ጎን ፎቶም ጨምርበት፣ በቀን ብርሃን የተነሳ ይሁን።