ጠንካራ መብራት ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ 5 ሚሊ ቫያል ውስጥ በአንድ ሌሊት ያለቀልሽ በብርሃን የሚሠራ ሪአክሽን 250 ሚሊ ፍላስክ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሰማያዊ ኤልኢዲ በርቶበት ግማሹ እንዳለ ነው፣ ጠንካራ መብራት ልግዛ ወይ ብለሻል። እኔም በዛው በቴትራሃይድሮአይሶኩዊኖሊን (ናይትሮጅን ያለው የአልካሎይድ ቀለበት) ነው የተቃጠልኩት፣ ስለዚህ ገንዘብሽን ያዢ።

ካታሊስትሽ ሩቴኒየም ቢፒሪዲን 452 ናኖሜትር (ሰማያዊው) ላይ ብርሃን ሲውጥ ቀልድ አያውቅም፣ ሞላር አብዞርፕቲቪቲው (ብርሃን የመዋጥ አቅሙ) ወደ 14,600 ስለሆነ 1 ሚሊሞላር ከከተትሽ 90 በመቶው ብርሃን ከብርጭቆው 0.7 ሚሊሜትር ሳይርቅ አለቀ ማለት ነው፣ ከዛ ወዲያ ያለው ሁሉ ጨለማ ውስጥ ነው የሚሽከረከረው። እኔ ይሄን ሳላሰላ መጀመሪያ ካታሊስቱን እጥፍ አደረግኩት፣ ምንም። ከዛ መብራት ጨመርኩ፣ ፋን አላደረግኩለትም ነበርና ፍላስኩ በእጅ አልያዝ አለ፣ ጠዋት ቲኤልሲ (ውህዶችን በስፖት የሚለየው ሳህን) ሳይ የማላውቃት ስፖት ቁጭ ብላለች፣ ኤንኤምአር (የሞለኪውሉን ቅርጽ የሚያሳየው ምርመራ) ስናነሳት ላክታም! አየሩ ካርቦን 1 (ከናይትሮጅኑ ጎን ያለው) ላይ ኦክስጅን ጭኖልኝ አድሯል፣ እሱን ወደምፈልገው አልካሎይድ መመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ።

በኋላ ያወጣኝ ቀጭን ቱቦ ነው። ውስጡ 1 ሚሊሜትር የማይሞላ ኤፍኢፒ (ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ) ቱቦ ቢከር ላይ ጠመጠምኩ፣ ኤልኢዲውን መሃል ከተትኩ፣ በሲሪንጅ ፓምፕ ቀስ እያልኩ አሳለፍኩት። አየሩንም ትቼ በአርጎን ስር ብሮሞትራይክሎሮሜቴን ኦክሲዳንት (ኤሌክትሮን ወሳጅ) አደረግኩ፣ ኢሚኒየሙ (ካርቦን 1 ላይ ለመያያዝ የተዘጋጀው መካከለኛ ውህድ) ቱቦው ውስጥ ይሠራና ናይትሮሜቴንና ትራይኢታይልአሚን ወዳለበት ጨለማ ፍላስክ ይንጠባጠባል፣ ኑክሊዮፋይሉ (ካርቦን 1 ላይ የሚያያዘው ናይትሮሜቴን) ብርሃን የሚባል ነገር አያይም። ብልሃቱ የኔ እንዳይመስልሽ፣ የኬሚስቱ የኮሪ ስቲቨንሰን ግሩፕ ነው፣ እነሱ 2014 ላይ ካታራንቲን የተባለውን የእጽዋት አልካሎይድ በፍሎው (በቱቦ እያሳለፉ) በብርሃን ሰንጥቀው ሱዶታበርሶኒንና ኮሮናሪዲን የተባሉ አልካሎይዶች ድረስ ሄደዋል። እኔ ያን ያህል አልራቅኩም 😅

አንድ ነገር ግን፣ ናይትሮጅንሽ ላይ ያለው ባዶ ፌኒል (ምንም ያልተጨመረበት ባለስድስት ካርቦን ቀለበት) ነው? ከሆነ አሁኑኑ ወደ ፓራሜቶክሲፌኒል (ጫፉ ላይ ሜቶክሲ ያለው ፌኒል) ቀይሪው። ፌኒሉ ለብርሃኑ ደረጃ ጎበዝ ነው፣ መጨረሻ ላይ ከናይትሮጅኑ ልታነሺው ስትይ ግን አልወጣም ብሎ ያስለቅስሻል፣ ሜቶክሲ ያለው በሴሪክ አሞኒየም ናይትሬት (ኦክሲዳንት ነው) ይወልቃል።

ቱቦውን እስክታገኚ ካታሊስቱን ቀንሺ፣ ፍላስኩን ትተሽ ብዙ ትናንሽ ቫያል ላይ ከፋፍዪው፣ ፋን አድርጊ፣ አንዷን ቫያል ደግሞ በፎይል ጠቅልለሽ እዛው አጠገብ አስቀምጫት፣ እሷም ውስጥ ፕሮዳክት ካየሽ የምናወራው ስለ ብርሃን አይደለም።