ሦስት ሳምንት ምን ያደርጋል ለምትሉ

ልጆች፣ "ለሦስት ሳምንት ውጭ አገር ለትምህርት ሄዶ ምን ይገኛል? ያው ሽርሽር ነው" ስትሉ እሰማለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚያው ብያለሁ።

ተማሪ ሳለሁ ለ21 ቀን ውጭ አገር ወደሚገኝ ላቦራቶሪ ተላክሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ጥግ ይዤ፣ አፌን ዘግቼ ጨረስኩት። ቋንቋዬ እንዳያሳፍረኝ ፈርቼ ነው። በስምንተኛው ቀን አንድ ቁጥር ተሳስቼ ጻፍኩና በላጲስ ላጠፋው ስል ቴክኒሻኑ እጄን ያዝ አደረገኝ። እርሳሴን ተቀብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ስህተቱ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረ፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ከጎኑ ትክክለኛውን አስጽፎ ቀን አስገባ፣ አስፈረመኝ። "ነገ ልክ ሆኖ የሚገኘው የመጀመሪያው ቢሆንስ?" አለኝ። ለምን ብዬ ጠየቅሁት፣ ከዚያ ወሬያችን አላቆመም። ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በዚያ ልማድ ነው። እዚያ ከሰማሁት ሌክቸር ግን አንዱም ትዝ አይለኝም።

ረጅሙ ይሻላል የሚል ካለ አልከራከረውም። ግን ማን ይችለዋል? ሥራ ያለው፣ ልጅ የሚያሳድግ ወይም ቤተሰብ የሚጦር ተማሪ ሴሚስተር ሙሉ ጥሎ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው የአውሮፓው የተማሪዎች ልውውጥ፣ ኢራስመስም ቢሆን ዛሬ ከ5 እስከ 30 ቀን የሚቆይ ጉዞን ከኦንላይን ትምህርት ጋር ያጣመረ ፕሮግራም አለው። ሳትሄዱ በፊት በኦንላይን ተዋውቃችሁ ከሆነ፣ እኔ በዝምታ ያባከንኩት ሳምንት ይተርፋችኋል።

ክሬዲቱን ነገር አደራ። የምትማሩት ትምህርት በየትኛው ኮርስ እንደሚያዝላችሁ ሳትሄዱ በጽሑፍ ይፈረም። "ስትመለስ እናየዋለን" የተባለ አንድ ተማሪዬ ተመልሶ ያንኑ ኮርስ ደግሞ ተምሮታል። ቪዛውንም ቶሎ ጀምሩት፤ ወደ አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል። የኪስ ገንዘቡ መቼ እንደሚለቀቅም ጠይቁ። ከደረሳችሁ በኋላ የሚከፈል ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በምን እንደምታልፉ ከወዲሁ አስቡበት።

ስትሄዱ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፣ የምር ያስቸገራችሁን። ፕሮፌሰሩን ብቻ አትጠይቁ። ዕቃ የሚያጥበውን፣ መሣሪያ የሚጠግነውን፣ ላይብረሪ የምትሠራዋን ጠይቁ። አድራሻም ተቀበሉ። እኔ የቴክኒሻኑን ሳልቀበል ነው የተመለስኩት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።